ያስነቀልኩት ኮብልስቶን

ቡታጅራ ኮብልስቶን ሥራ የገባሁ ዕለት የማኔጅመንት ዲግሪዬን በፕላስቲክ ማኅደር ይዤ ነበር። ለማን እንደማሳየው ድንጋይ የሚጠርቡት ልጆች አልገባቸውም፤ እኔም አልገባኝም። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ስለኖርኩ ወረቀቱን ቤት ትቼ መውጣት ከብዶኝ ነው።

ማህበራችን አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት፤ ሴቶቹ ሦስት። በምሥረታው ስብሰባ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ። ተነሥቼ ስለ አመራር ጥበብ ረጅም ንግግር አደረግኩ። ስጨርስ ምክትሌ ሙራድ ጠጋ ብሎ፣ "አስቴርዬ፣ ሴት ሰብሳቢ ያለው ማህበር ቶሎ ሥራ ያገኛል ስለተባለ ነው። አንቺ ማህተሙን ያዢ፣ ሥራውን ለእኛ ተዪው" አለኝ። ንግግሬን መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

በእልህ መምራት ጀመርኩ። ከመካከላችን ንጣፍ የሚያውቁት ጋሽ ሸምሱ ብቻ ነበሩ። በመንገዱ ላይ ክር ወጥረው ተዳፋቱን የሚለኩበትን ውሃ ልክ ሲያስቀምጡ፣ "ጋሼ፣ ቀኑን ፈጀነው እኮ፤ በዓይን ይታያል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ውሃ በዓይን አይታለልም" አሉ።

"ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" አልኩ። ክሩን ጠቀለሉ።

የመንገዱ ርክክብ ሁለት ቀን ሲቀረው ዘነበ። ጎርፉ ቦዩን ትቶ መንገዱ ዳር ያለው የእትዬ ዘይነባ ቤት ገባ። መጥረጊያቸውን እንደያዙ መጥተው፣ "ሰብሳቢው ማነው?" አሉ። ሙራድን አየሁት። ሙራድ ሰማዩን አየ።

"አሸዋ ብንበትንበት ያልፋል፤ አንቺ ብቻ ርክክቡን ፈርሚ" አለኝ ሙራድ በኋላ። ርክክቡ ከዘገየ ቀጣዩን ሥራ እናጣለን። ከፈረምኩ ደግሞ የእትዬ ዘይነባ ቤት ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይገባዋል። ፈራሁ፤ እንባዬም መጣ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ንጣፉ ይነቀል" አልኩ። "ሴት ስትመራ ይኸው ነው" ያለም አልጠፋ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሴ ነቀልኩ። ጋሽ ሸምሱ ውሃ ልኩን አስያዙኝና፣ "አረፋዋ ወደ ቤቱ በኩል ሸሸት ስትል ውሃው ወደ ቦዩ ይሄዳል" አሉኝ። ይህን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልነገሩኝም ነበር።

ርክክቡ ስለዘገየ ቀጣዩ ሥራ ለሌላ ማህበር ተሰጠ። ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥን። የሰብሳቢ ምርጫ ሲደርስ ማህተሙን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን አወጡ።

"ያስነቀለችን ትሁን" አሉ።

ሙራድም አወጣ፤ ቀስ ብሎ ቢሆንም። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ ክሩ የት እንዳለ ጠየቅኩ።

አለቃ ለሚሆኑ ሴቶች የምላቸው ይህን ነው፤ ወንበሩን በምንም ምክንያት ይስጧችሁ፣ ተቀበሉ። ሥራውን ግን ከሚያውቀው ሰው ተማሩ።