የአባዬ ቄጤማ

ልደታ ውስጥ ለጎብኚ በራቸውን የከፈቱ ግቢዎችን ስንዞር አንድ ባለ ኩሬ ጓሮ ደረስን። የእርጥብ ቄጤማ ሽታ ሲመጣብኝ አባዬ ትዝ አለኝ። እሱም እዚሁ ልደታ፣ ከቀበሌ ቤታችን ጓሮ፣ ኩሬ ቆፍሮ ቄጤማ ያበቅል ነበር፤ በዓል ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እያጨደ ወስዶ ቤቱን ይጎዘጉዛል። አንድ ጠዋት የቀበሌ ሰዎች መጥተው "ትንኝ ያራባል" ብለው በአፈር ደፈኑት። አባዬ ቆሞ እያያቸው፣ "ትንኝም ሰው ትመርጣለች" አለ። ልጅ ነበርኩ፤ አልገባኝም።

"ይሄስ ትንኝ አያራባም?" አልኩት የግቢውን ባለቤት።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ዲዛይነር የሠራው ነው!" ብሎ ሳቀ። ጎብኚው ሁሉ አብሮት ሳቀ።

ጎንበስ አልኩና ከኩሬው ዳር ለቤቴ ጉዝጓዝ የሚሆን ቄጤማ በእጄ መንጨት ጀመርኩ። ሳቁ ቀጥ አለ።