በብርድ የተኛ ነቀዝ

ግሌኒስ ትሬጎ በዎላሩ ወደብ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንዴ ስትነፋ ኖራለች። ወደ ባሕር ማዶ ከሚጫነው ናሙና ትወስዳለች፣ በወንፊት ትነፋለች፣ ይለፍ ብላ ትፈርማለች። የሞተ ነቀዝ ቢገኝ ግድ የለም። በሕይወት ያለ አንድ ከተገኘ ግን ጭነቱ ይቆማል። አንድ! ሁለት እስኪሞላ የሚጠብቅ ሕግ የለም። በዚህ የተነሳ ቢራ ቤት ስትገባ ሰው ወሬውን ይለውጣል። ለምጄዋለሁ ትላለች፤ ውሸቷን ነው።

ዓርብ ዓርብ ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጠው ሌን ፖልኪንግሆርን ብቻ ነው። ሌን ነቀዝ እንዲሞት ጎተራዎቹን ዘግቶ በጋዝ የሚያጥን፣ ሰባን የተጠጋ ሰው ነው። ባሏ የሞተ ጊዜ ማንም ሳይለምነው አጥሯን ያጠረላት እሱ ነው። አምና ግን አንድ ጎተራ በደንብ ሳይዘጋ አጥኖ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አንድ ስህተት ከደገመ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ይህን ወደቡ ሁሉ ያውቃል።

የሐምሌ ማለዳ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መርከቧ ታስራ ትጠብቃለች። ከሦስተኛው ጎተራ የመጣው ስንዴ ሲነፋ አንድ ነቀዝ ከወንፊቱ ሥር ወደቀ። እግሩን ሰብስቦ ተኝቷል።

«ሞቷል ባክሽ፣» አለ የጭነት ኃላፊው ክሬግ በትከሻዋ አሻግሮ እያየ። «ይኸው ድርቅ ብሏል። ፈርሚና ቁርሳችንን እንብላ።»

«በዚህ ብርድ አንተም ድርቅ ብለሃል። ልቅበርህ እንዴ?»

ነቀዝ ሲበርደው የሞተ መስሎ ይተኛል፤ አሙቆ ማየት ግዴታ ነው። ግሌኒስ በሳህን አድርጋ ገና ባልቀዘቀዘው የመኪናዋ ኮፈን ላይ አስቀመጠችው። ክሬግ እያጉረመረመ ስልክ ሊያነሳ ሄደ። ሌን መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

«ጎተራውን ስንት ቀን ዘጋኸው?» አለችው።

«ሰባት። እንደ ሁልጊዜው።»

«ሌን፣ ክረምት እኮ ነው! ስንዴው ሲቀዘቅዝ ጋዙ አሥር ቀን ይፈልጋል።»

የሌን ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ቀን እየቆጠረ ነበር። አርባ ዓመት ያጠነ ሰው የበጋውን ቀን ለክረምት ይወስዳል? ወሰደ እንግዲህ፤ ምን ይደረግ።

ግሌኒስ ነቀዙን ነፋስ ወሰደው ብትል ማን ይከራከራታል? ክሬግ እንደሆን ይመርቃታል። እጇ ግን እሺ አላላትም። በስተመጨረሻ ፊቷን አውቃ ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ሌን ሳህኑን ሊደፋው ከፈለገ ይድፋው ብላ። ሳህኑ ኮፈኑ ላይ ሲንኳኳ ሰማች። አልዞረችም።

«አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው የምታዪው?»

ዞረች። ሌን ነቀዙን መዳፉ ላይ አድርጎ በትንፋሹ ያሞቀው ነበር። ነቀዙ አንድ እግሩን ዘረጋ፤ ከዚያ ሌላውን። ከዚያ በሽማግሌው መዳፍ ላይ መሄድ ጀመረ።

«ሌን...» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«ጻፊ፣» አላት።

ጽፋ እስክትጨርስ ነፋሱ እንዳይወስደው በሌላኛው እጁ ከለለው።