አማና የተሰጠ ኪኒን

መጠበቅ አልወድም። መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባሱ ካልሞላ አንነሳም ሲሉ ከረዳቱ ጋር የምትጣላው እኔ ነኝ። በነርስነት ተመርቄ ሐብሩ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ስመደብ፣ ወልድያ ያለችው እናቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የመከረችኝ፦ «አደራሽን፣ እዚያ ሄደሽ በሽተኛ አትቆጪ።» እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር።

መርሳ ቤት ተከራየሁ። መርሳ ይሞቃል። ቤተሰብ ጠይቄ ስመለስ ወልድያ ላይ ሹራብ ለብሼ እሳፈርና ሲሪንቃን ሳልፍ አወልቀዋለሁ። ሙቀቱን ለመድኩት። ያልለመድኩት ሰው ሲታመም የሚመልሰውን መልስ ነው።

አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። አልማዝ ባለጭራ ይዟቸው ነበር። ቁስሉ ከደረቀ ቆይቷል፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። አንዳንዴ ይኼ በሽታ እንዲህ ያደርጋል፤ ቆዳው ይድናል፣ ነርቩ ማቃጠሉን አያቆምም። ወልድያ ያየቻቸው ሐኪም ማታ ማታ የምትዋጥ ትንሽ ኪኒን አዝዛላቸው፣ ክትትሉን ወደኛ ላከችው።

«እናቴ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱ ጥሩ ነው። ግን ያምዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ ልጄ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። እሺ፣ ቁጥር ይስጡት። ዜሮ ምንም የለም ማለት ነው፣ አስር ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። የእርስዎ ስንት ነው?»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን ትላለች ይቺ? አላህ ያመጣውን ቁጠሪው ነው የምትለኝ?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጠችና ለኔ ነገረችኝ። «ትከሻዋ ላይ ልብስ አያርፍም። ነጠላ ሲነካት እንደ እሳት ነው የሚያደርጋት። ለቅሶ ከቀረች ቆየች። ትከሻዋን ገልጣ እንዴት ትውጣ?»

እናትየው ይኼን ጊዜ አንገታቸውን ደፉ። ቁጥር ስጠይቃቸው ያልመጣው መልስ አሁን መጣ። «በቁሜ ቀረሁ እኮ ልጄ። ቅሬው ሰው ይቀብራል፣ እኔ ቤት ነኝ። የሰው ሐዘን ያልደረሰ ሰው እሱስ ምኑን አለ?»

ቅሬ እኛ አገር የሰፈር ሰው ክርስቲያን እስላም ሳይል ተሰባስቦ የሚቀባበርበት፣ ሐዘን የሚቀመጥበት ማኅበር ነው። ከቅሬ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የያዝኩትን የቁጥር ነገር ተውኩትና በልቤ አንድ ነገር ያዝኩ፦ እኚህ ሴትዮ ነጠላ ለብሰው ለቅሶ መድረስ አለባቸው።

ስለ ኪኒኑም በደንብ አስረዳሁ። እንደ ራስ ምታት መድሃኒት አይደለችም፤ ሲያቃጥል ብቻ ቢውጧት ምንም አታደርግም፤ በየማታው ሳትቋረጥ ስትዋጥ ነው ቀስ እያለች ነርቩን የምታበርደው። ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ። አንገት መነቅነቅ ገባኝ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ብቻዋን መጣች። «ሊያልቅ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኪኒኑ።»

«የወሩን ነው እኮ የሰጠሁሽ። ሁለት ሁለት እየዋጡ ነው?»

«ኧረ ወላሂ፣ እሷስ አልዋጠችም ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ ማን ዋጠው?»

ወለሉን አየች። «ያው… ሰው ይመጣል።»

ሰው ይመጣል ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀለኝ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ፤ መንገዱ ሲያልቅ ወርጄ በማንጎውና በፓፓያው መሀል በእግሬ ገባሁ። ቤት ውስጥ ጠያቂ ሞልቷል። አንዲት ሴት ጉልበቷን እያሻሸች ስለ ጉልበቷ ታወራለች። በሽተኛዋ እናት፣ ቀኝ ትከሻቸውን ገልጠው አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ሰደው አወጡ። «እንቺ፣ ይቺን ሞክሪያት» አሉ፤ እኔ እያየሁ፣ የኔን ኪኒን።

«እናቴ!»

«ነይ ልጄ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ።»

«ይቺ እኮ ለጉልበት አይደለችም።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ጣልቃ ገባች። ክርስቲያን ነች፣ ግድግዳ ነው የሚለያያቸው። በእናቴ ዕድሜ ነች፣ ግን አንቱ ስላት «አሮጊት ታደርጊኛለሽ?» ብላ ስለተቆጣችኝ አንቺ ነው የምላት። «ለጥርስም አይደለችም» አለች። «እኔ ለጥርሴ ወስጄ ነበር። ጥርሴም ዝም አለ፣ እኔም አብሬው ዝም አልኩ። ስነሳ ወጡ አርሮ ከድስቱ ጋር አንድ ሆኗል። ሰውዬው እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኪኒኗ እንቅልፍ እንደምታመጣ፣ ልቡን የሚያመው ሰው ቢወስዳት ክፉ ነገር ልታመጣ እንደምትችል ተናገርኩ። ለእናቴ የገባሁት ቃል እዚያው አለቀ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ረጋ ብለው ሰሙኝና፣

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «እኔን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ፊቴ እያቃሰተ፣ መድሃኒት ትራሴ ሥር ይዤ ዝም ልበል? ብቻዬን ልዋጥ? ይኼ ወንጀል ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጡንም። በንዴት የምቀመጥበት ፈለግኩና ከግድግዳው ሥር ያለ ሻንጣ ላይ ልቀመጥ ስል ሁሉም በአንድ ላይ «ተይ! ተይ!» አሉኝ።

«ምነው?»

«የሰው አማና ነው» አሉ እናትየው። «የዚያ ማዶዋ ልጅ ዐረብ አገር ስትሄድ አስቀምጭልኝ ብላ የሰጠችኝ ነው። እንኳን ልከፍተው ከቦታው አላነሳሁትም።»

«ጎረቤት መጥቶ ከውስጡ አንድ ልብስ ስጭኝ ቢልዎትስ?»

«አማና ነው እያልኩሽ። የኔ ነው እንዴ የምሰጠው?»

እዚህ ጋ ቆምኩ። ከቦርሳዬ የአዲሱን ወር ኪኒን አወጣሁና እጃቸው ላይ አደረግኩት። «እንግዲህ ይኼም የእርስዎ አይደለም። የኔ ነው። አማና ነው የሰጠሁዎት።»

ኪኒኑን አዩት። እኔን አዩኝ። ጉልበቷን የምታሻሸው ሴትዮ እንኳ ማሻሸቷን አቆመች። «ይኼንስ ጥሩ አልሽ» አሉኝ በመጨረሻ።

በባጃጁ ስመለስ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ቆጥሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሄድ ትከሻቸው ያው ነው፣ ፊታቸውም ያው ነው። «ኪኒኑስ?» አልኳቸው። ኩራት ፊታቸው ላይ እየታየ ልጃቸውን ሳጥን አስከፈቱ። ከሳጥኑ ውስጥ ነጭ ነጠላቸው ታጥፎ ወጣ። ከነጠላው እጥፋት ውስጥ ኪኒኑ ወጣ፤ አንድም ሳይጎድል።

«ለማንም አልሰጠሁም» አሉኝ።

«ለራስዎስ?»

«አማና ነው አላልሽኝም? የሰው አማና እንዴት እበላለሁ?»

እውነቱን ልናገር፣ ማልቀስም መሳቅም አማረኝ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ነው። ጎረቤታቸው በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች፤ ያ ጥርስ አሁንም አልተነቀለም።

«አንቺ ልጅ፣ ስጭኝ እስቲ» አለችና ኪኒኑን ከነነጠላው ከልጅቷ እጅ ወሰደች። ነጠላውን ለልጅቷ መለሰች፣ ኪኒኑን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ከዛሬ ጀምሮ አማናው እኔ ጋ ነው። እኔ እንደሆንኩ አንዴ ቀምሼው ድስት አሳርሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልነካውም።» ከዚያ አንድ ፍሬ አወጣችና ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «አፍሽን ክፈቺ።»

«አሁን? ማታ ነው የሚባለው።»

«ማታ እመጣለሁ። አሁን አከፋፈቱን ልየው ብዬ ነው። ጎረቤት ሲያጎርስሽ እምቢ ትያለሽ?»

«እምቢ አልልም።»

«ያጎረስኩሽን ከአፍሽ አውጥተሽ ለሰው ትሰጫለሽ?»

«አስተግፊሩላህ!»

«በቃ። ሥጋ እንኳ አይደለም የእስላም የክርስቲያን የምንባባለው። ቢስሚላህ ብለሽ ትውጫለሽ።»

በዚህ ተለያየን። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ ጎረቤታቸው ውሃ በጣሳ፣ ኪኒን በጣቷ ይዛ ትገባለች። ጠያቂ ቢኖርም ባይኖርም «አፍሽን» ትላለች። አንድ ቀን የጉልበቷ ሴትዮ «ለኔስ?» ብትላት «አንቺማ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ቁጡዋ ነርስ ትጠብቅሻለች» አለቻት አሉ። ሴትዮዋ እውነትም መጣች። ጉልበቷን አየንላት። ጎረቤትየዋ ግን ጥርሷን አሁንም «ነገ አስነቅለዋለሁ» እያለች ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልተለወጠም። በየጊዜው ስልክ እደውላለሁ፣ ልጅቷ «ያው ናት» ትለኛለች፣ እኔ እበሳጫለሁ። ይኼ ኪኒን የሚሠራው በራሱ ጊዜ ነው፤ ያንን ለሰው ሳስረዳ ቀላል ነበር፣ ራሴ ልጠብቅ ስል ነው የከበደኝ። አንድ ቀን ልጅቷ «ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ተኛች» አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ትከሻዋን በሻሽ ሞከረችው» አለች። ቀጠሮ ያዝን።

በቀጠሮው ቀን ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። የጎረቤትየዋም በር ተዘግቷል። ልጅቷ ስልክ አታነሳም። ክትባት ጥዬ ነው የመጣሁት። ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ቀጠሮ የማያከብር ሰው እንዴት እንደሚድን ለራሴ እያወራሁ ቆየሁ። ጥላው ከኔ ሸሽቶ ሄደ፣ እኔም ድንጋዬን ይዤ ተከተልኩት።

ከታች በኩል ሴቶች ተያይዘው ሲመጡ አየሁ። ከለቅሶ የሚመለስ ሰው አካሄዱ ይታወቃል። ከመሀላቸው አንዷ በሁለቱም ትከሻ ነጠላ ለብሳለች፤ በቀኝ በኩል ጨርቁን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። ተነሳሁ። እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ቆየሽ እንዴ?» አሉኝ።

«በጣም ቆየሁ።» መዋሸት አልችልበትም።

«አፉ በይኝ። የታች ሰፈር ሰው ሞቶብን ቅሬው ወጥቶ ነው።»

«እኔ ነግሬያታለሁ» አለች ጎረቤትየዋ። «ቀጠሮ አለሽ፣ ነርሷ ትቆጣለች አልኳት። ትቆጣ አለችኝ።»

አልተቆጣሁም። ከፈለጋችሁ እናቴን ጠይቋት፣ ያን ማታ ደውዬ ነግሬያታለሁ።

ቤት ገባን። «ሕመሙስ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ።» አፌን ልከፍት ስል ግን አልጨረሱም ነበር። «አሁንም ይለበልበኛል። ፀሐይ ሲመታው ይብሳል። ነጠላውን በዚህ በኩል ትንሽ ከፍ ካደረግኩት ግን ያስችለኛል። ሌሊትም እተኛለሁ።» አሰብ አደረጉና፣ «ቁጥርሽንም ሳትፈልጊው አትቀሪም፤ አምስት በይው። አላህ ገና ያወርደዋል» አሉኝ።

ከዚያ ነጠላውን ቀስ ብለው ከትከሻቸው አወለቁ። ልጅቷ ሳጥን ልትከፍት ተነሳች። እሳቸው ግን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

«ሳጥን ውስጥ አላስቀምጠውም?» አለች ልጅቷ።

«ለምን?» አሉ። «ነገም እሄዳለሁ እኮ።»