የትራንስፎርመሮቹ ጣሳ

ሰፈሩ ሽቦ ይላቸዋል። ቀጭን ስለሆኑ ይሁን ዕድሜያቸውን ከሽቦ ጋር ስለጨረሱ፣ ያጣራ ሰው የለም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ማይክራፎንና ስፒከር ይጠግናሉ። ሱቃቸው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መሀል ያለች አንድ በር ናት። አልጋቸው ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ፤ ልጅ አልወለዱም። ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ድምፅ ማይኩን ሊሞክር «አንድ፣ ሁለት» የሚል ደንበኛ ነበር። እሱም እየቀነሰ መጣ።

እኔ መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡስ ቁጥር ጠሪ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ በጽዳት ነው የገባሁት። በፊት የነበረችው ጠሪ ስትታመም ማይኩን ሰጡኝ፣ እዚያው ቀረሁ።

ባለፈው ዓመት የማይኬ ማብሪያ ላላና ለጋሼ ወሰድኩት። በማግስቱ መለሱልኝ።

«ማብሪያውን አጥብቄልሻለሁ። ትራንስፎርመሩንም አውጥቼልሻለሁ፤ ለእሱ አላስከፍልሽም።»

«እሱ ደግሞ ምን አደረገ?»

«ትንሽ የሽቦ ጥቅል ነው፤ እጀታው ውስጥ ተሸጉጦ ድምፅ ያፍናል። የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ሙጫውን አላቅቄ አወጣሁት። አሁን ጥርት ብለሽ ነው የምትሰሚው።»

እጃቸውን ስለማምን አመስግኜ ሄድኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሳፋሪ አልሰማኝ አለ። ማጉያውን እስከ መጨረሻው ብከፍተው እሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ጨመረ። አውቶቡስ ያመለጣት አንዲት እናት መስኮቴን አንኳኩታ፣ «እህቴ፣ ለራስሽ ነው እንዴ የምታወሪው?» አለችኝ። የስምሪት ኃላፊው ደግሞ፣ «ድምፅሽ ደክሟል፤ ትኬት ቆረጣ ብትገቢ ይሻላል» አለኝ። አመንኩት። በእኔ ዕድሜ አንድ ነገር መድከሙ አይቀርም። ሳምንት ሙሉ ማር በሙቅ ውሃ ጠጣሁ።

ነገሩን የፈታልኝ የጋሼ ጎረቤት፣ ፎቶ አንሺው ነው። ትኬት ሊቆርጥ መጥቶ ስንጫወት የማይኬን ነገር ብነግረው፣ «ያንቺንም አወጡት?» ብሎ ሳቀ። «አንድ ዘፈን ቀራጭ በአንድ ወቅት ትራንስፎርመሩን አውጡልኝ አላቸው። እሱ ጉልበተኛ ማጉያ አለው፣ ተስማማው። ከዚያ ወዲህ ገመድ ሊያስቀጥል የመጣውን ሁሉ እየከፈቱ ያወጡለታል። ያለ ትራንስፎርመር ድምፁ ያንሳል፤ የኛ የድሮ ማጉያ ደግሞ አያነሳውም። ደንበኞቻቸው የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«በምን አፌ? ሽቦን ሥራ ላስተምር?» አለና ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገ። «ብነግራቸውስ ይሰሙኛል?»

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ሥራ የሚባል ነገር አልነበረም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከበሩ ላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ ሰላም አልኳቸው፤ ቀና ያሉት ጥላዬ ሲያርፍባቸው ነው።

«ጋሼ፣ ትራንስፎርመሩን መልሱልኝ። ሰው አይሰማኝም።»

ስናገር ከንፈሬን ያዩ ነበር። ማይኩን ሰኩና ሄድፎናቸውን አደረጉ።

«ተናገሪ።»

አሥራ አራት ቁጥርን ጠራሁ። የድምፅ መጨመሪያውን እስከ ዳር አዞሩት።

«ይኸው፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ራስሽ ስሚው።»

ሄድፎኑን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። በዚህ መሀል ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አሳረፈ። ድምፁ በማይኩ ገብቶ ጆሮዬን ሊበጥሰው ሲል ሄድፎኑን ወረወርኩት።

ጋሼ ፊቴን አዩ። ቀጥሎ መጨመሪያውን አዩ።

«ማይኮቹ ናቸው የታፈኑ ብዬ ነበር» አሉ። «ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው ሁሉ የታፈነ ነበር። ትራንስፎርመሩ ነው አልኩ።»

ከጠረጴዛው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡ። ያወጧቸው ትራንስፎርመሮች እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ላያቸው ላይ በእርሳስ ተጽፎባቸዋል። የሠርግ አዳራሹ። ኳስ ሜዳው። ሙዚቃ አስተማሪዋ። የሰው ንብረት አይጣልም ብለው ነው ያስቀመጡት። ሠላሳ አንድ ነበሩ።

«ከእነዚህ ሁሉ ተመልሰሽ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሎቹ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም ጋሼ። ዝም ብለው ነው የቀሩት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔን ፈልገው አወጡና መበየጃውን አጋሉ። ሽቦዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ እጃቸው ግን አንዱንም አልሳተም። ሲጨርሱ ሄድፎኑን አላነሱም። ጣታቸውን የስፒከሩ የሚርገበገብ ወረቀት ላይ አሳረፉ።

«ተናገሪ።»

ጠራሁ።

«አሁን አለሽ» አሉ።

ስወጣ ጣሳውን አስያዙኝ። «ለየባለቤታቸው አድርሺልኝ። ሌላ ጠጋኝ ይመልስላቸው።»

«እርስዎስ?»

«በጣት ስንቱ ይሰማል?»

በምሳ ሰዓቴ አንድ ሁለት እያልኩ አደረስኩ። የሠርግ አዳራሹ ሰውዬ፣ «ሽቦ አሉ እንዴ?» አለኝ። አሉ አልኩት። እጠይቃቸዋለሁ አለ፤ እስካሁን አልመጣም።

የመናኸሪያው አንዱ ስፒከር የተሰቀለው ከጋሼ ሱቅ በላይ ነው። ስጠራ የቆርቆሮ በራቸው ይርገበገባል። ማይኬ ከተመለሰ ወዲህ ወንበራቸውን ወደ በሩ አስጠግተው፣ መዳፋቸውን ቆርቆሮው ላይ አድርገው ነው የሚውሉት። ትናንት ሳልፍ ቀድመው አናገሩኝ።

«አሥራ አራት ዛሬ ዘገየ አይደል?»

ዘግይቷል አልኳቸው፣ ከንፈሬን እንዲያዩት ዞሬ።