በአንድ ቀን ሁለት ገማች

ዛሬ በገዛ ምላሴ ግብሬን አስጨምሬ ዋልኩ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህሩ ነው፣ ሳቁን እየዋጠ።

ሰቆጣ ገበያ ማር እሸጣለሁ። ጠዋት ለልጄ ልናጭለት ያሰብናት ልጅ አባት ከደሃና መጥተው ሱቄ ተቀመጡ። "ለመሆኑ ንግዱ እንዴት ይዞዎታል?" አሉኝ።

ልጃቸውን ለድሃ ቤት አይሰጡም። "በቀን ሦስት ጀሪካን ማር እሸጣለሁ!" አልኳቸው። እውነቱን ለእናንተ ልናገር፤ ሦስት ጀሪካን በወርም አይሸጥልኝም።

ለካ ማር ሊቀምስ የገባው ጎልማሳ የግብር ገማች ኖሯል!

"አባቴ፣ የሒሳብ መዝገብ ስለሌለዎት ግብርዎ የሚሰላው በቀን ሽያጭዎ ግምት ነው። ሦስት ጀሪካን ብዬ ልመዝግብ?" አለኝ ደብተሩን አውጥቶ።

አባትየው ትክ ብለው አዩኝ። ዋሽቼ ነው ብል ሙሽራዋ ልትቀር ነው።

"ሦስት ነው አልኩህ፤ ጻፍ!" አልኩት።

ገማቹ ሲወጣ አባትየው ተነሥተው ጨበጡኝ። "ልጄን ሰጥቻለሁ። ጥሎሹንም በዚያው በሦስት ጀሪካኑ ልክ ያስቡታል" አሉኝ።

እናንተስ፣ ኩራት ግብር ያስጨመረባችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። ስድቡን መምህሩ እየዘለለ ያነብልኛል።