የዘንድሮ ቀለም ጥቁር ነው

ዓርብ ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ

የሚኒባሱ ረዳት ሻንጣዬን ወደ ጣሪያው ሊወረውር አነሳውና "ይሄ ደግሞ ባዶ ነው እንዴ?" አለኝ። ባዶ ነው፤ የሚሞላው ስመለስ ነው። ሥራዬ ገበያ ማየት ነው። ሰው ዘንድሮ ምን እንደሚገዛ፣ የትኛውን ቀለም እንደሚለብስ፣ የትኛውን ስልክ እንደሚመርጥ እየዞርኩ አያለሁ፣ ለጋዜጣችን አንባቢዎች እጽፋለሁ። አለቃዬ "አዲስ አበባን ጠግበናል፤ ጎጃም ምን እየለበሰ ነው?" ብሎ ላከኝ። መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል። ነገም ክፍት ይሆናል ብሎ የሚምል ግን የለም፤ ስለዚህ ተሳፋሪው ሁሉ ችኩል ነው።

ከሾፌሩ ፊት የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ሥር ደግሞ የቻርጀር ገመድ ተንጠልጥሏል።

"ድሮ ተሳፋሪ ለመስኮት ዳር ነበር የሚጣላው። አሁን ለቻርጀር ነው" አለኝ ሾፌሩ።

"ኔትወርክ ከሌለ ቻርጁን ምን ያደርጉታል?"

"ድንገት ከመጣ ብለው ነዋ!"

ጅጋ፣ ረፋድ

ገበያተኛው ከየአቅጣጫው በእግሩ እየገባ ነው። የፕላስቲክ ጫማ በየቀለሙ ተከምሯል፤ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ እንደ ሙዝ ልጣጭ የሚያበራ ቢጫ። ከጎኑ በፀሐይ የሚሠራ አምፖል፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ በቁጥር ከስልኮቹ የሚበልጡ የስልክ ልባሶች። አረንጓዴ ቁምጣ የለበሱ አንድ አባት ስልክ እየመረጡ ነበር። ሻጩ ካሜራውን ከፍቶ የራሳቸውን ፊት ቢያሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ።

"መልኬንማ አውቀዋለሁ። ድምፁ ነው የሚፈለግ። እሩቅ ያለ ሰው ሲናገር ጥርት አርጎ ያሰማል?"

ሻጩ ያሰማል አላቸው። ማስታወሻዬ ላይ "ድምፅ ከካሜራ ይበልጣል" ብዬ ጻፍኩ፤ ለርዕስ ይሆነኛል ብዬም ደስ አለኝ። የሰው ጭንቀት አንዳንዴ ለእኔ ርዕስ ብቻ ነው።

ፍኖተ ሰላም፣ ከሰዓት

ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ዋናውን መንገድ እየተጋፉ ይካፈሉታል። የጋሽ ሰይድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የሀበሻ ቀሚሶች ተሰቅለዋል። ቆሜ አየኋቸው። ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ ጥለታቸው ወርቃማ።

"ዘንድሮ ይሄ ነው። ልጆቹ ስልክ ላይ አዩት። ኔትወርክ ብልጭ ባለች ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው ፋሽን ነው" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። ከአባታቸው ጀምሮ እዚሁ ከተማ ጨርቅ የሸጡ፣ ነጭ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማይለዩ አዛውንት ናቸው።

"ይሸጣል?"

"ይሸጣል። እኔ ግን አልለመድኩትም። ድሮ ጥቁር የማስቀምጠው ከኋላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ለከል ነዋ የሚፈለገው፤ ሐዘንተኛ ነው የሚለብሰው። ለከል የመጣ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ እኔም አልከራከር። 'እግዜር ያጥናችሁ' ብዬ ቆርጬ እሰጣለሁ። ዛሬ እየሳቁ ይመጡና 'ጋሼ፣ ጥቁር አውርድልን' ይሉኛል። 'ያጥናሽ' ልበል 'መልካም በዓል' ልበል ይጨንቀኛል።"

ከስፌት መኪናዋ ላይ አንዲት ወጣት ሳቀች። እናኑ ትባላለች፤ የሱቁ ልብስ ሰፊ ናት። ለራሷም አንድ ጥቁር ቀሚስ ሰፍታለች። እሑድ የአገሯ ታቦት ይነግሣል፤ ከቡሬ አልፎ፣ በሽንዲ መንገድ ነው። "የገጠሩን ፋሽን ማየት ከፈለግሽ ነይ አብረን እንሂድ" አለችኝ። እንዲህ ያለ ግብዣ አላልፍም።

ወደ ቡሬ ስንሄድ ስልኳን ደጋግማ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ወንድሟ ይበልጣል ዓምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ደርሻለሁ ብሎ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። እናታቸው እትዬ የሺ መንደር ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል። "በሄድኩ ቁጥር እናቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድምፁን ሰማሽ ወይ ትለኛለች" አለችኝ እናኑ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ የሽንዲ መንገድ

ቡሬ አድረን በመጀመሪያው መኪና ወጣን። መኪናው ካወረደን በኋላ የእግር መንገድ ይቀረናል። እዚያው ስንወርድ ቄስ አበጀና ሁለት ሽማግሌዎችም አብረውን ወረዱ፤ የእናኑ አገር ሰዎች ናቸው። ለንግሡ ከቡሬ ገበያ በፀሐይ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ገዝተው፣ እንዳይጋጭ በጋቢ ጠቅልለው ተሸክመውታል።

ቄስ አበጀ እናኑ የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ አይተው ደነገጡ። "ምነው ልጄ፣ ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም አባ። ፋሽን ነው።"

"እንዲያ ነው?" አሉ። "እስቲ ነጠላሽን ደርቢበት።"

ደረበችው። ውርጩ ይቆነጥጣል፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ እስከ ከንፈሯ ተከናነበች። ሐዘንተኛም ነጠላ የሚያዘቀዝቀው እንደዚያ ነው። ከመካከላችን ማንም ልብ አላለም። ድምፅ ማጉያው ስለከበዳቸው ሽማግሌዎቹ ዝም ብለው ይራመዳሉ። እኛም ከኋላቸው ዝም አልን።

ይህንን የምጽፈው አገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዲረዳኝ ነው። እዚህ የሞት ዜና በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሐዘንተኛው እህል ሳይቀምስ፣ ከቤቱ ሳይወጣ። ቄስና ሽማግሌ ተሰብስበው፣ የቅርብ ዘመድ አስከትለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። እኛ ልክ እንደዚያ ነበርን። ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ ጥቁር የለበሰች ልጅ፣ አንዲት የማትታወቅ የከተማ ሴት። መርዶ ሊነገር ቢታሰብ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ሰው አይመረጥም።

እትዬ የሺ በረት ደጃፍ ላይ ነበሩ። ቀና ሲሉ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ስንወርድ አዩን። እቅፋቸው ውስጥ የነበረው ጭድ ወደቀ።

"ይበልጣል! ልጄን! ልጄን!"

ያ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እናኑ "እማ! እማ፣ ምንም የለም!" እያለች ሮጠች። ስትሮጥ ነጠላው ወደቀና ጥቁሩ ቀሚስ ሙሉ በሙሉ ታየ። እናቲቱ መሬት ላይ ተደፍተው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ጎረቤት በየአቅጣጫው እያለቀሰ መጣ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ቀሚሷን አይተው ሁሉም ያወቁ መሰላቸው።

"ማንም አልሞተም! ልብስ ነው፣ ፋሽን ነው!" ትላለች እናኑ።

እትዬ የሺ አፈር የነካ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። "መርዶ ነጋሪ መቼ አምኖ ያውቃል? እኔስ ለስንቱ እናት 'ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደኅና ነው' ብያለሁ! እንዳልደነግጥ ነው። ግዴለም፣ ንገሩኝ። ቁርጤን ልወቅ።"

እኔም በበኩሌ የማይረባ ነገር አደረግሁ። ስልኬን አውጥቼ የጋሽ ሰይድን በረንዳ ፎቶ አሳየኋቸው፤ ይኸው ሁሉም ይህንን ነው የሚለብሰው አልኳቸው። የተሰቀሉትን ጥቁር ቀሚሶች አዩ። "ያገሩ ልጅ ሁሉ አለቀ ማለት ነው?" አሉኝ። ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት። አፈርኩ።

በመጨረሻ ቄስ አበጀ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

"የሺ፣ ስሚኝ። የመጣነው ለድምፅ ማጉያው ነው። መርዶ ይዤ ቢሆን በታቦቴ ፊት አልዋሽሽም። እናኑ፣ ነይ ልጄ። እጅሽን መስቀሉ ላይ አድርጊና ወንድሜ ደኅና ነው በያት፤ ትመንሽ።"

ለቅሶው ቆመ። እናኑ እጇን ዘረጋች፤ መስቀሉ ዘንድ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እጇ ቆመ። ሁላችንም እጇን እናያለን።

"አልችልም አባ" አለች በቀስታ። "አላውቅም እኮ። ሞቷል ብሎ የነገረኝ የለም። ደኅና ነው ያለኝም የለም።"

ቄስ አበጀ መስቀሉን ቀስ ብለው መለሱ። የሚገርመው፣ እትዬ የሺ ያመኑት ያኔ ነው። ተነሥተው አፈራቸውን አራገፉ። "እንግዲያስ አንቺም እንደኔው ነሽ" አሉና ልጃቸውን አቀፏት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ጎረቤቶቹ ያለቅሱ ይተዉ ግራ ገባቸው። ያልሞተ ሰው አይለቀስለትም፤ ላልተገኘ ሰው ግን አገሩ ሥርዓት የለውም።

እሑድ፣ ከንግሡ በኋላ

ድምፅ ማጉያው ሠርቷል፤ ማሕሌቱ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ። ቆነጃጅቱ ሐምራዊ ጫማና አረንጓዴ ሻሽ አድርገዋል። መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። እናኑ የእናቷን አሮጌ ቀሚስ ለብሳ ከጎናቸው ቆማለች።

ለነገው መንገድ ስንሰናዳ እትዬ የሺ ጥቁሩን ቀሚስ አጥፈው ይዘው ወጡ።

"ይሄ ከእኔ ጋር ይቆይ። ጥሩ አርገሽ ሰፍተሽዋል። እሱ ከመጣ በሠርጉ ትለብሺዋለሽ። ካልመጣ እኔ እለብሰዋለሁ።"

"እማ፣ እንዲህ አትበይ።"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስልኩ እዚህ አይደርስም፤ ድምፁን ብትሰሚም ለኔ ማን ይነግረኛል? የሰማሽ ዕለት ነጭ ለብሰሽ ነይ። ጉብታው ላይ ስትደርሺ ከዚህ አይሻለሁ።"

ሰኞ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም

ቡሬ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። የተሳፋሪው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮህ ጀመር። የእኔም ጮኸ፤ አለቃዬ ነው። "የዘንድሮ ቀለም ታወቀ?" ይላል። እናኑ ለወንድሟ ደወለች፤ ጥሪ አይቀበልም የሚለው የተቀረጸ ድምፅ ተሰማ። ደግማ ደወለች። እስከ ፍኖተ ሰላም ይህንኑ አደረገች።

ሱቁ ስንደርስ ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ነበሩ። "እህ፣ ቀሚሱን አገሩ ወደደው?"

"እናቴ ጋ ቀረ" አለች እናኑ። "ጋሼ፣ ነጭ አለ?"

"ነጭማ ዘንድሮ ማን ጠይቆኝ! ከኋላ ነው ያለው።"

መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ነጭ ጣቃ ይዘው ወጡና አቧራውን እፍ አሉበት። ዋጋ ጠሩ፤ እንደ ገበያ ወጉ ከፍ አድርገው ነው፣ እንድትከራከራቸው። እናኑ አልተከራከረችም። ጋሽ ሰይድ ቀና ብለው አዩዋት። ሳይከራከር ጨርቅ የሚገዛ ሰው ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

"ለመቼ ነው የምትሰፊው?" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ዛሬውኑ እሰፋዋለሁ። የምለብሰው ወንድሜ ስልኩን ሲያነሳ ነው።"

ጋሽ ሰይድ "መልካም በዓል" አላሉም፣ "ያጥናሽ"ም አላሉም። ጨርቁን ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት።