ምክሬን የዋጥኩበት ጠዋት

ልደታ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ወር ለሦስት ቀን የኮቺንግ፣ ማለትም ሠራተኛን በጥያቄ የማብቃት፣ ሥልጠና ላኩኝ። ይዤ የተመለስኩት አራት ጥያቄዎች የታተሙበት አንዲት ካርድ ነበር፦ ምን ይፈልጋሉ? አሁን ምን ላይ ነዎት? ምን ምን አማራጭ አለ? የቱን፣ መቼ ይጀምራሉ? አሠልጣኛችን ደጋግሞ ያስጠነቀቀን ግን ሌላ ነገር ነው፤ «ጠይቁና ዝም በሉ። ምክር አትስጡ።» እኔ ደግሞ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳልጠየቅ የምመክር ሴት ነኝ።

መጀመሪያ የተቀመጥኩት ከእትዬ ጋር ነው። እትዬ የምንላቸው በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡትን፣ ጡረታቸው የተቃረበ ባልደረባችንን ነበር። ወጣቶቹ ሠራተኞች የመዝገቦቹን ዝርዝር ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ እሳቸው ኪቦርዱን ሸሽተው በመደርደሪያዎቹ መሃል ይመላለሱ ነበር። «ኮርስ ይግቡ» የሚለው ምክሬ አፌ ላይ ደርሷል። ዋጥኩትና ካርዴን አየሁ።

«እትዬ፣ ከዚህ ውይይታችን ምን ይዘው መውጣት ይፈልጋሉ?»

«ይቺን ወንበር። የኔዋ እግሯ ተሰብሯል።»

ተሳሳቅን። ከዚያ ዝም አልኩ፤ ምላሴን በጥርሴ ይዤ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ተመልሰው እኔን አዩ።

«ባለጉዳይ ሲመጣብኝ ‹ልጆቹን ይጠይቁ› ማለት ሰለቸኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔው ራሴ ፈልጌ መስጠት ነው የምፈልገው።»

«አሁንስ ምን ላይ ነዎት?»

«አሁንማ አንድ ስም ለመጻፍ ፊደል ስፈልግ ይመሽብኛል። ልጆቹም ይስቃሉ።»

ቀጥሎ የጠየቅኳቸው ጥያቄ ካርዱ ላይ የለም። «ከዚህ በፊት እንዲህ የከበደዎትን ነገር ተምረው ያውቃሉ?»

ፊታቸው በራ። «እንዴ! እኔ እኮ ታይፒስት ነበርኩ! የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምመታው።»

ኃላፊ ከመሆኔ በፊት ጀምሮ አምስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር። ወረቀት ለመኑኝና የዚያን የጽሕፈት መኪና ቁልፎች አንድ በአንድ ከትዝታቸው ሣሉት። በየቁልፉ ሥር የኮምፒውተሩን ፊደሎች ሊጽፉና ልዩነቱን ብቻ ሊያጠኑ ወሰኑ። እኔ መቼም አስቤው የማላውቀው አማራጭ ነው።

«መቼ ይጀምራሉ?»

«ሰኞ። ልደታ ማርያምን ተሳልሜ በቀጥታ እዚህ። እናንተ ሳትገቡ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ስደርስ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ፣ በኋላ እንደ ዝናብ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከወልቂጤ የመጡ አንድ አዛውንት መዝገባቸውን ሊጠይቁ የባለጉዳዮች መስኮት ጋ ቆሙ። እትዬ የአዛውንቱን ስም ጠየቁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉ፣ ስክሪኑ የመደርደሪያውን ቁጥር እስኪያሳያቸው ጠበቁ፣ ተነሥተውም ከመደርደሪያው መዝገቡን ይዘው መጡ። መስኮቱ ላይ አስቀመጡትና «እልልልል!» አሉ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሙሉ ድምፃቸው።

ጥበቃው ሮጦ ገባ። «ማን አገባ?»

እኛ ሳቁ አላናግር አለን። ይስቁባቸው የነበሩት ልጆች ቆመው አጨበጨቡ። አዛውንቱ ምን እንደሆነ ባይገባቸውም መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ሁላችንንም በየተራ ጨበጡ፤ «እንዲህ ያለ ደግ ቢሮ አይቼ አላውቅም» እያሉ።